ሰይድ ሁለት በሬ አለው

እሑድ፣ ጥቅምት 12። ከሱብሂ በኋላ።

የእህቴ ልጅ እንድሪስ ትናንት በሽመል አፌን መታኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ወለቁ። የታችኛው ከንፈሬ ተሰንጥቋል። የመታኝ መስጊዱ በር ላይ ነው፣ ሰው ከዙሁር ሲወጣ፣ አገር እያየ። ሰላይ ነህ ብሎ ነው። አይደለሁም።

ደብተር፣ ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት ይህ ይያዝልኝ።

ከመምታቱ በፊት አንተ አለኝ። አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ አንቱ ሲለኝ የኖረ ልጅ ነው። ስንት ከፈሉህ አንተ፣ አለ። ዱላው ቀጥሎ መጣ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት የወጣው ደምና ጥርስ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዓርብ ታጣቂዎች መጡ። ወንድሙን ሰይድን ገብሱን ሲያጭድ ከማሳው አነሱት። ማጭዱን ከእጁ አስጥለው፣ በሰደፍ እየነዱ ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የነገሩት የለም። ያን ጊዜ የእንድሪስ ሚስት ተናገረች። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። አያ ይመር በር ዘግቶ በባዕድ ቋንቋ የሰይድን ስም ሲጠራ ሰንብቷል አለች። ሰይድ፣ ሰይድ፣ ሰይድ።

አልዋሸችም። ጠርቻለሁ።

ልጄ ጦይባ ከቤይሩት ስትመለስ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። በኢንተርኔት እንግሊዝኛ የሚያስተምር የሚቀጥር የውጭ ድርጅት እንዳለ ያገኘችው እሷ ናት። መምህሩ እቤቱ ተቀምጦ፣ ተማሪው ባሕር ማዶ ተቀምጦ ይማማራሉ። ዲፕሎማ አይጠይቁም። ሙከራ ታስተምራለህ፣ ተማሪው ይፈርድልሃል ወይ ይፈርድብሃል። ልክ ለኔ የተሰፋ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም። በእርዳታ እህል መጋዘን ጆንያ እየተሸከምኩ ከነጮቹ አፍ ለቀምኩ፣ የቀረውን ከሬዲዮና ከአንድ ሽፋኑ ከረገፈ መዝገበ ቃላት። በመካነ ሰላም ማመልከቻ ጸሐፊ ብለውኛል፣ ሽማግሌው ብለውኛል። መምህር ያለኝ ሰው የለም። ሳልሞት አንድ ሰው እንዲለኝ እፈልጋለሁ።

ለትምህርቱ የምሳሌ ስም ያስፈልጋል። ጆን የሚባል ሰው አላውቅም። ሰይድን አውቀዋለሁ። ሰይድ ገበሬ ነው። ሰይድ ሁለት በሬ አለው። ሰይድ ነገ ገበያ ይሄዳል። ስለላዬ ይኸው ነው።

ለማንም ሳልነግር ነው የጀመርኩት። ሳላልፍ ብቀር መሳቂያ አልሆንም ብዬ። አሁንም አልነግርም። በዱላ የሚጠይቀኝን አላስረዳም። በቤቴ የምናገረውን ለማንም ሪፖርት አላደርግም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13። ረፋድ።

ፊቴ አብጧል። አንዱ ዓይኔ ተደፍኗል። ጦ. መስታወቱን ደበቀችው። ፈልጌ አገኘሁት። የማየው ፊት የሌላ ሰው ነው። ጤ/ጣቢያ እንሂድ ትላለች። እምቢ። በጨው ውኃ እጉመጠመጣለሁ፣ ደም እተፋለሁ፣ እንደገና እጉመጠመጣለሁ።

የቀበሌው ሰውዬ መጣ። ወሬው ደርሶታል። ክሰስ ይለኛል፣ አሁኑኑ እናስነሳዋለን። ደጃፌ ላይ አዳልጦኝ ወደቅሁ አልኩት። ሳቀ።

«ደጃፍዎ ሽመል ይይዛል እንዴ አያ ይመር?»

«ይይዛል» አልኩት። «አንተም ስትወጣ ተጠንቀቅ።»

ሄደ። ጦ. ተቆጣች። ለምን አልከሰሱም አባ? እንድሪስን ሰይድ ወዳለበት አልልከውም። እዚያ የሚደረገው ይታወቃል። እንድሪስን የምሰብረው እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ለመንግሥት አሳልፌ አልሰጥም።

ከሰዓት በኋላ ገጀራውን ሳልኩ። ድንጋዩ ላይ ሲፋጭ የእንድሪስ ሚስት ከአጥሩ ወዲያ ስታዳምጥ ይታወቀኛል። ትስማ። ቀስ ብዬ ሳልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15።

እብጠቱ ጎደለ። አዲስ መርዶ ግን አለ። እንግሊዝኛው ከአፌ አይወጣም። ምላስ የሚያርፍበት ጥርስ የለም። አየሩ በቀዳዳው ይሾልካል። ጦ. አዳመጠችኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«አባ፣ ልክ ጎማ ሲተነፍስ ነው የሚመስሉት።»

ካልተሳቀ ይለቀሳል ብላ ነው። አልሳቅሁም። እንድሪስን ባገኘው ዛሬ በጥርሴ እገድለው ነበር፣ በቀሩት።

ከማር ሻጯ ሰም ገዛሁ። አሙቄ፣ ጠፍጥፌ፣ ሁለት ጥርስ ቀረጽኩ። ክፍተቱ ውስጥ ሰካሁ። ቢጫ ነው፣ ግን ይይዛል። ዝግ ብዬ ስናገር ቃሉ ይወጣል። ፈጠን ስል ይወድቃል።

ከድርጅቱ መልእክት መጣ። ሙከራው ማክሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። ተማሪው ኦርሃን ይባላል፣ ቱርካዊ። የሕንፃ ማሞቂያ ይጠግናል፣ መርከብ ላይ መቀጠር ይፈልጋል፣ መርከቡ እንግሊዝኛ ይጠይቀዋል። ሰዓታችን አንድ ነው። ጦ. ድምፅ ልትሞክር ደውላለት አገኘችው። በራሷ ስልክ ነው የደወለችው። ጨዋ ሰው ነው አለች።

ድርጅቱ የሚጠይቀው፦ ጸጥ ያለ ክፍል። ብርሃን ከፊት። ባዶ ግድግዳ ከኋላ። በመሃል ሰው እንዳያልፍ። አንሶላ ሰቀልን። ሞደሙን ሸንበቆ ጫፍ ላይ አስሬ በመስኮት አወጣሁት፤ ኔትወርኩ ከዚያ ላይ ብቻ ይይዛል።

ጦ. ለመነችኝ። የምሳሌውን ስም ቀይሩት። ጆን ይበሉት፣ አሊ ይበሉት። ይኼ ስም እኮ ነው ጥርስዎን ያስወለቀ። ሰይድን ጡት ሲጥል ጀምሮ አውቀዋለሁ አልኳት። በዱላ ስም አላነሣም፣ በዱላም ስም አልጥልም። ምሳሌው ሰይድ ነው።

«ያ ረቢ» አለች፤ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17። ከመግሪብ በፊት።

ጁምዓ ሄድኩ። ከሰጋጁ ሰልፍ፣ ከሰፍ ገባሁ። በቀኜ የነበረው ሰውዬ አየኝና ወደኋላ ሄደ። በግራዬ ያለውም። ትከሻ ለትከሻ በሚቆምበት ቦታ በሁለቱም ጎኔ ባዶ ቀረ። ኢማሙ ክፍተቱን ሙሉ አለ። የሞላ የለም። ብቻዬን ሰገድኩ። እንዲህ ያለ ንዴት በሱጁድ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ስወጣ እህቴ ዘይነባ ጠበቀችኝ። የእንድሪስና የሰይድ እናት። ታናሼ ናት፤ ይዣት ነው ያደገችው። አያ ይመር አላለችኝም። ሰይድን እጁን ወደኋላ አስረው ሰቅለውታል ሲሉ ሰምታለች። ከመሬት አፈር ዘግና ፊቴ ላይ በተነች። የልጄ ሬሳ ቢመጣ ያንተም ሬሳ ይወጣል አለችኝ። አፈሩ የቁስሌ ደም ላይ ተለጠፈ። ሳልጠርገው ቤቴ ሄድኩ።

ገጀራውን ከነጠላዬ ሥር ያዝኩ። ድልድዩ ጋ ወረድኩ። እንድሪስ ከመንገድ ሲመለስ የሚያልፈው በዚያ ነው። ከአሱር ጀምሮ ድንጋዩ ሥር ተቀመጥኩ። የት እንደምመታው አስቤያለሁ። አንገቱን አይደለም፣ ቁርጭምጭሚቱን። ዕድሜውን ሙሉ እየጎተተ ያስታውሰኝ ብዬ።

መጣ። ዘይነባን በቅሎ ላይ ጭኖ እየመራ ነው። ከጁምዓ በኋላ ሰይድን ሊጠይቁ ሄደው፣ በር ሳይከፈትላቸው ሲመለሱ ነው። በቅሎዋ አንገት ላይ ተደፍታለች። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል። እንድሪስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር።

አሳለፍኳቸው። አላዩኝም። ገጀራውን ይዤ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 19።

ልምምድ። ጦ. ተማሪ ሆነች፣ እኔ አስተማሪ። ጥሩ እየሄደ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ወረደ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ጦ. ሞደሙን ልታስገባ መስኮቱ ጋ ስትሄድ አንዱ ግንባሯን ፈነከታት። ደሟ በአፍንጫዋ ላይ ወረደ። እሷ ግን ሞደሙን አቅፋ ነው የወደቀችው።

ግንባሯን በነጠላዬ አሰርኩ። ከዚያ መስኮቱን በሙሉ ከፈትኩ። ሰሙን ከአፌ አውጥቼ ጣልኩ። ቆሜ በአጥሩ ላይ ጮህኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ በተሰበረ አፌ። ሰይድ ገበሬ ነው። ሰይድ ሁለት በሬ አለው። ሰይድ ነገ ገበያ ይሄዳል። ድንጋዩ እስኪያልቅ ጮህኩ። ድምፄ ተዘጋ።

ጦ. መሬት ተቀምጣ አየችኝ። አብደዋል አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ለማክሰኞ ድምፅዎን ያትርፉ እንጂ አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21። ከዙሁር በኋላ።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኝ ክንዴ ተሰብሯል። ፊደሉ ቢያስጠላህ ቻለው።

3 ሰዓት። ኦርሃን ብቅ አለ። ራሰ በራ፣ ጢሙ ትልቅ። ሄሎ ቲቸር አለኝ። ደብተር፣ ቲቸር አለኝ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሰሙ ወደቀ። ደረቴ ላይ። አየው። አፍንጫውን አሻሸ። ጥርስ የለኝም፣ በጆሮህ ስማ አልኩት። ሳቀ፣ እሺ አለ። ጀመርን። ሰይድ ገበሬ ነው። ደገመ። ስህተቱን አረምኩ። ደገመ። እንደ በሬ ጎትቶ ነው ቃል የሚያወጣ፣ ግን አይሰለችም። ሰይድ ሁለት በሬ አለው አልኩት። አጎንብሶ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ።

ጦ. የግቢውን በር ትጠብቃለች። ስትጮህ ሰማሁ። እንድሪስ ገፍትሮ ጥሏት ገባ። ጧት ሰይድ ሞቷል የሚል ወሬ ደርሶት ኖሯል። በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ስሙን ሰማ። የወንድሙን ስም፣ ዛሬም፣ ከኔ አፍ።

በሩን በእግሩ መታ። ሽመሉ ወደ ራሴ ሲመጣ አየሁት። ክንዴን አነሣሁ። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ፤ ደረቅ እንጨት ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ጀርባዬ ላይ አረፈ። ከወንበሩ ወደቅሁ። ሦስተኛውን አነሣ።

ከኮምፒውተሩ ድምፅ መጣ። ኦርሃን አጎንብሶ እየጻፈ ነው፣ ምንም አላየም። እየጻፈ ይደግማል። ሰይድ ሃዝ ቱ ኦክስን። ሰይድ ሃዝ ቱ ኦክስን። ትንሽ ልጅ ፊደል ሲቆጥር እንደሚለው።

ሽመሉ አየር ላይ ቀረ።

«ማነው ይሄ?» አለ እንድሪስ።

«ተማሪዬ።»

«ምንድነው የሚለው?»

«ወንድምህ ሁለት በሬ አለው ይላል።»

«ለምንድነው የሚለው?»

«ስላስጠናሁት።»

ኮምፒውተሩን ያያል። እኔን ያያል። ሽመሉ ከእጁ ላላ። በግራ እጄ ነጠቅሁት። ከመሬት ተነሥቼ መታሁት። ትከሻውን፣ ጎኑን፣ ራሱን። ራሱ ተተረተረ። እጁን አላነሣም። ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር። ጦ. አንገቴ ላይ እስክትንጠለጠል ድረስ መታሁት። ኦርሃን ቆሞ በቱርክኛ ይጮኻል።

እንድሪስ መሬት ተቀምጧል። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። እኔ ወንበሩን አንሥቼ ተቀመጥኩ። ይቅርታ አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ይህ የእህቴ ልጅ ነው፣ አሁን ድገም። ኦርሃን ተቀመጠ። ፊቱ ነጭ ሆኗል። ደገመ። ሰዓቱ እስኪሞላ አስተማርኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22።

ወጌሻው ክንዴን አቃና። ጨርቅ ነክሼ ቻልኩት። በሸንበቆ አሰረው።

የሰይድ ሞት ሐሰት ነው። በሕይወት አለ፣ እንደታሰረ ነው። ወሬውን ማን እንዳመጣው አይታወቅም።

ከድርጅቱ ሁለት መልእክት መጣ። አንደኛው የኦርሃን ፍርድ ነው። ጦ. ጮክ ብላ አነበበችው። መምህሩ ኃይለኛ ነው፣ አያቋርጥም፣ እንደገና እፈልገዋለሁ። አልፌያለሁ።

ሁለተኛው ደግሞ፦ በትምህርቱ መሃል ድብደባ ታይቷል። ሒሳብዎ ለጊዜው ታግዷል። የሆነውን በዝርዝር ጽፈው ይላኩ። የመታዎት ማን ነው? ስሙ፣ ዝምድናው፣ ለፖሊስ ተነግሯል ወይ? ካልተጻፈ ይዘጋል።

ስም ጻፍ ይሉኛል። ሰላይ ነህ ተብዬ ጥርሴ የወለቀ ሰውዬ፣ አሁን በእጄ የሰው ስም ጽፌ እንድልክ። ንዴቱ ከክንዴ ሕመም በለጠ። ሸክላውን ውኃ መጠጫ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጥኩት። ጦ. ስብርባሪውን ለቅማ ወጣች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24።

ሽማግሌ መጣ። ሼህ ሙሔ፣ ከሳቸው ጋር ቄሱ። ሁለቱ ሁሌም አብረው ነው የሚያስታርቁ። ከኋላቸው እንድሪስ፣ ራሱ በሻሽ ታስሮ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ። ከሱ ኋላ ዘይነባ። ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ አላልኩም።

ሥርዓቱ ይታወቃል። በዳይም ተበዳይም ነገሩን ከሥሩ ይናገራሉ፣ ከዚያ ይቀበራል፣ መልሶ ያነሣ ይረገማል። እንድሪስ ተናገረ። አጎንብሶ፣ ድንጋዩ እየተጫነው። አጎቴን አንተ አልኳቸው ብሎ ነው የጀመረው። ከጥርሱ በፊት እሱን አስቀደመ። ሰማሁት።

ተራው የኔ ሆነ። አልናገርም አልኩ። ሼህ ሙሔ ለመኑኝ። ቄሱ ለመኑኝ። ዘይነባ እንባዋ መጣ።

«አያ ይመር፣ አንዲት ቃል ቢነግሩን ኖሮ ይኼ ሁሉ ይደርስ ነበር? ማስተማሬ ነው ቢሉን ምን ነበረበት?»

«እቤቴ ውስጥ የምናገረውን ለማን ነው የማስፈቅደው?» አልኳት። «ላንቺ? ለቀበሌው?»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እንድሪስ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አመቻቸ። ከቁስሉ ደም በሻሹ ላይ ይወጣል። አየሁት፣ ደስ እንዲለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም።

«ድንጋዩን ያውርድ» አልኩ። «የሰይድ ገብስ እየረገፈ ነው። ሄዶ ይጨድ።»

ሼህ ሙሔ ጺማቸውን ያዙ። «አሁን ይኼ ይቅርታ ነው ወይስ ምንድነው?»

«አጨዳ ነው።»

ቄሱ ሳቃቸውን ሊይዙ ፊታቸውን አዞሩ። እንድሪስ ድንጋዩን አወረደ። እጄን ሊስም መጣ። የተሰበረውን ነው የያዘ። ጮህኩ፣ ሰደብኩት፣ ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30።

ሰይድ ተፈታ። በእንድሪስ ትከሻ ተደግፎ መጣ። በተረከዙ ብቻ ነው የሚረግጥ፤ ውስጥ እግሩን ገርፈውታል። የእጁ ጣቶች ጥፍር የላቸውም። ከተነሣበት ቀን በፊት ገበያ ላይ ሰው ተቃውሞ ሲጮኽ አብረህ ነበርክ ብለው ነው ያሰሩት። ስለ አጎትህ ጠየቁህ ወይ አለው እንድሪስ፣ እኔ ፊት። ማንም አላነሣቸውም፣ ስማቸውንም አያውቁትም አለ። እንድሪስ መሬት መሬት አየ።

ሰይድ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አፌን አየ። ክንዴን አየ። የታሰረበትን ሸንበቆ በእጁ ጀርባ ነካ።

«አጎቴ» አለ፣ «በእንግሊዝኛ ስንት በሬ ሰጡኝ?»

«ሁለት።»

«ያለኝ እኮ አንድ ነው። ቀበሌው ቢሰማ ግብር ይጨምርብኝ ነበር።»

ጦ. ሳቀች። ግንባሯ ላይ ያለው ቁስል ተሳበባት፣ እየያዘች ሳቀች። ሰይድም ሊስቅ ፈልጎ ጎኑን ያዘ። እንድሪስ አልሳቀም። እኔም።

ሰኞ፣ ኅዳር 4። ረፋድ።

የድርጅቱ ቀነ ገደብ ዛሬ ነው። ጦ. መልሱን አዘጋጅታ ሰጠችኝ። በጥሩ እንግሊዝኛ፣ በትሕትና። መቺው የእህቴ ልጅ ነው፣ በስህተት ነው፣ ታርቀናል ይላል። የእንድሪስ ሙሉ ስም አለበት። ስህተቱን አረምኩላት፣ ሁለት ቦታ። ከዚያ አትላኪው አልኳት።

ለፍታለች። ይኼን ሥራ ከኔ ይበልጥ የፈለገችው እሷ ናት። አለቀሰች። ማን ያውቀዋል እንድሪስን እዚያ አገር አለች። እኔ አውቀዋለሁ አልኳት። ሰው ላይ ጽፌ አላውቅም። የመታኝንም ቢሆን። ከዙሁር በፊት ሒሳቡ ተዘጋ። ከዝርዝራቸው ስሜ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ።

በጦ. ስልክ ኦርሃን ደወለ። ድርጅቱ ሌላ አስተማሪ ሰጥቶት አልፈለገም። በቀጥታ አስተምረኝ ይላል። ክፍያውን ከጦ. ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ አልገባሁበትም። ከዚያ፦ ቲቸር፣ ያ ሰውዬ ለምን መታህ? ትምህርት ብቻ ጠይቀኝ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ዘጋሁበት።

ጦ. ራሷን ያዘች። አንድ ተማሪ ነው ያለን አባ።

ትንሽ ቆይቶ ደወለ። እንደምን ዋልክ አለኝ። ነገ በስንት ሰዓት እንደምንጀምር ጠየቀኝ። 3 ሰዓት አልኩት። ሌላ አልጠየቀም።

ውሳኔ። ነገ አስተምራለሁ። ስለ ጥርሴና ስለ ክንዴ፣ እንድሪስ ስላነሣው ዱላና እኔ ስላሳረፍኩበት፣ ከዛሬ ወዲያ አልናገርም። ሽማግሌ ቢለምነኝ፣ ድርጅት ቢያዘኝ፣ ዘይነባ ብትሞትብኝ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልናገርም። ደብተር፣ ላንተም ያለኝ ይኸው ነው። መልሰህ አትጠይቀኝ።